«አፕዴት ካደረግሁት በኋላ ሞተብኝ»

እህቶቼ፣ ከጂዳ፣ ከመካ፣ ከሌሎችም ከተሞች በስልክ የምትሰሙኝ፣ እዚህም ከፊቴ የተቀመጣችሁ ተመላሾች፣ ክርስቲያንም ሆንሽ ሙስሊም የዛሬው ጉዳይ የሁላችንም ነው።

ሌላ ጊዜ የማወራችሁ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ውል፣ ስለ ጭንቀት ነበር። ዛሬ ስለ ስልክና ስለ ኮምፒውተር ላወራ ነው። «ይቺ ደግሞ መካሪ ናት ወይስ ሞባይል ጠጋኝ?» ትሉኝ ይሆናል። ጠጋኝ አይደለሁም። ነገር ግን እያለቀሱ ከሚደውሉልኝ እህቶች ብዙዎቹ ጭንቀታቸውን የሚጀምሩት እንዲህ ብለው ነው፦ «ሴኩሪቲውን አፕዴት አድርጊ አለኝ፣ አደረግሁት፣ ሞተብኝ።»

ስልክ ለእኛ ጌጥ አይደለም። የእናታችን ድምፅ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የላክነው ገንዘብ ደረሰኝ፣ የኢቃማችን ፎቶ፣ የውላችን ቅጂ እዚያ ነው። አሁን ደግሞ ደመወዙም ወደዚያው እየገባ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ ሳዑዲ የቤት ሠራተኛ ደመወዝ በሙሳነድ በኩል፣ በባንክ ወይም በስልክ ዋሌት እንዲከፈል ደረጃ በደረጃ ማስገደድ ጀምራለች። ስለዚህ ስልክሽ ሲቆም ልብሽ አብሮ ቢቆም አይፈረድብሽም።

ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙ። ከአፕዴት በኋላ የታመመ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ለማዳን የሚያስቸግረው ደንግጠን የምናደርገው ነገር ነው።

መጀመሪያ የራሴን ልንገራችሁ።

ጂዳ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። የማዳም ልጅ የሚያጠናበትን ጠረጴዛ እየወለወልሁ ነበር። ኮምፒውተሩ ክፍት ነበር፤ ማውዙ በጨርቁ ሲነካ ስክሪኑ በራ። መሐል ላይ አንድ ሳጥን ወጣ፤ ከሥሩ አረንጓዴ ቁልፍ አለው። ዓረብኛ ማንበብ አልችልም። «ይጥፋልኝ» ብዬ አረንጓዴውን ተጫንሁት። ጠፋ። እኔም ሥራዬን ቀጠልሁ።

በማግስቱ ጠዋት ኮምፒውተሩ አልነሳም አለ። ሰማያዊ ስክሪን ያሳያል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይበራል፣ እንደገና ሰማያዊ ይሆናል። ልጁ «እሷ ነክታዋለች» አለ። ማዳም ጠየቀችኝ። እኔ ዝም አልሁ። የማላውቀውን ነገር ምን ብዬ ላስረዳ? ዝምታዬ ጥፋተኛ አደረገኝ። የሁለት ወር ደመወዜ ተቆረጠ። ያኔ ደመወዜ 700 ሪያል ነበር፤ 1,400 ሪያል ማለት ነው። ለታናሽ እኅቴ ትምህርት ቤት ላከው ያልሁት ብር ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ ትልቁ ልጅ ለእረፍት ከውጭ አገር መጣ። ኮምፒውተሩን አብርቶ ጥቂት ቁልፍ ተጫነ፣ አንድ ፕሮግራም አጠፋ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሠራለት። ሻይ ሳቀርብ ለእናቱ ሲነግራት ሰማሁ። ሁለት አንቲቫይረስ ተጭኖበት ነበር፤ አንደኛው ሲታደስ ከሌላው ጋር ተጣሉ። የኔ አረንጓዴ ቁልፍ አፕዴቱን «እሺ» ማለት ብቻ ነበር። ያ ቁልፍ በኔ ባይነካ በልጁ ይነካ ነበር። ብሩ ግን አልተመለሰልኝም።

ምንም አላጠፋሁም አልልም። ያልገባኝን ተጭኛለሁ። ኮምፒውተሩን ግን አላበላሸሁትም። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አላውቅም ነበር፤ 1,400 ሪያል የከፈልሁት ለዚያ ነው። እናንተ በነጻ እወቁት ብዬ ነው ዛሬ የቆምሁት።

አንቲቫይረስ ወይም የሴኩሪቲ ፕሮግራም ማለት የግቢ ዘበኛ ማለት ነው። በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ያያል። አፕዴት ማለት ደግሞ ለዘበኛው አዲስ ትእዛዝ መስጠት ነው፤ «እንዲህ ዓይነት አዲስ ሌባ መጥቷል፣ ይህን ይህን ልብ በል» ይባላል። ጥሩ ነገር ነው። አንዳንዴ ግን ትእዛዙ ይሳሳታል፤ ዘበኛው የቤቱን ባለቤት ደጅ ላይ ያስቀራል፣ ሌባውን ትቶ ልጁን ይይዛል። አንድ ግቢ ላይ የማይተዋወቁ ሁለት ዘበኞች ከቀጠርሽማ እርስ በርስ ሌባ መስለው ይያያዛሉ። የማዳም ቤት ኮምፒውተር የሆነው ይህ ነው።

ይህ በድሃም በሀብታምም ላይ ይደርሳል። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። ክራውድስትራይክ የሚባል የአሜሪካ የሴኩሪቲ ኩባንያ አንድ የተሳሳተ አፕዴት ላከ። ማይክሮሶፍት እንደተናገረው 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮች በዚያ ምክንያት ሰማያዊ ሆነው ቀሩ። አውሮፕላኖች ሳይነሱ ቀሩ፣ ሆስፒታሎችና ባንኮች ተቸገሩ። መፍትሔው ምን ነበር? ብዙዎቹን አንድ በአንድ «ሴፍ ሞድ» በሚባለው መንገድ አስነስቶ ያን አንድ መጥፎ ፋይል ማጥፋት። ማይክሮሶፍት ራሱ አንዳንዶቹ ማሽኖች እስከ 15 ጊዜ ጠፍተው ሲነሱ እንደዳኑ ተናግሯል። እንግዲህ አስቡት፤ የዓለም ትልልቅ ባለሙያዎችም ያደረጉት አጥፍቶ ማብራት ነው። አንቺ ከአፕዴት በኋላ ስልክሽ ቢቆም ደንቆሮ ስለሆንሽ አይደለም።

«እንግዲያውስ አፕዴት አላደርግም» እንዳትሉኝ። በሩ የተሰበረ ቤት ዘበኛው ስለተሳሳተ ብቻ ክፍት አይተውም። አድርጉ፤ ግን እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለዩ።

እውነተኛው አፕዴት የሚመጣው ከሁለት ቦታ ነው፤ ከስልኩ ከራሱ ሴቲንግ፣ ወይም ከፕሌይ ስቶር። በአይፎን ከሆነ ከአፕ ስቶር። በዋትስአፕ ወይም በኢሞ ሊንክ ሆኖ ከመጣ፣ ቪዲዮ ስታዪ «ስልክሽ 5 ቫይረስ አለበት፣ አሁኑኑ ተጫኚ» እያለ ቀይ ሆኖ ከዘለለ፣ ሐሰት ነው። ሊንኩ በአማርኛ ስለተጻፈ፣ የአገርሽ ልጅ ስለላከልሽም እውነት አይሆንም፤ የሷም ስልክ ተሰርቆ ሊሆን ይችላል። ለአንድሮይድ ስልክ ደግሞ ፕሌይ ስቶር ውስጥ ፕሌይ ፕሮቴክት የሚባል ዘበኛ አብሮ ስላለ ሌላ ሦስት አራት አንቲቫይረስ መደርደር አያስፈልግም። አንድ ዘበኛ ይበቃል።

ስልካችሁ በዓረብኛ ከሆነ እነዚህን ቃላት ያዙ። «ኢዕዳዳት» ሴቲንግ ነው። «ተሕዲስ» አፕዴት ነው። «ላሒቀን» በኋላ ማለት ነው። «ኢልጋእ» ተወው ማለት ነው። «ሉጋ» ቋንቋ ነው። ያልገባሽ ሳጥን ሲመጣብሽ «ላሒቀን» የሚለውን ተጫኚ። እኔ ያን ቀን ይህን አንድ ቃል ባውቅ ኖሮ ሁለት ወር በነጻ አልሠራም ነበር።

አሁን አፕዴት አደረግሽ፣ ስልኩም ታመመ እንበል። ከቀላሉ ወደ ከባዱ እንሄዳለን። ደረጃ አትዝለሉ።

አንደኛ፣ ታገሺው። ትልቅ አፕዴት ካለፈ በኋላ ስልክ ለአንድ ለሁለት ቀን ሊሞቅ፣ ሊንቀረፈፍ፣ ባትሪ ሊበላ ይችላል። ውስጡን እያስተካከለ ነው። ማታ ዋይፋይ ባለበት ቻርጀር ላይ ሰክተሽ ተዪው።

ሁለተኛ፣ አጥፍተሽ አብሪው። ደርቆ እምቢ ካለ በብዙ ሳምሰንግ ስልኮች ማብሪያውንና ድምፅ መቀነሻውን አንድ ላይ 10 ሰከንድ ያህል ተጭነሽ ያዢ፤ ራሱ ይነሳል። ይህ ምንም አያጠፋብሽም።

ሦስተኛ፣ ቀኑንና ሰዓቱን እዪ። ባትሪው ጨርሶ ሞቶ ሲነሳ ቀኑ ሊሳሳት ይችላል። ቀኑ ከተሳሳተ የሴኩሪቲው ነገር ሁሉ ይጠራጠራል፤ ባንኩ አልከፍትም፣ ዋትስአፕ አልገናኝም ይላል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ቀንና ሰዓት ራሱ እንዲሞላ አድርጊው። የጂዳና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ነው፤ ልዩነት ካየሽ ስልኩ ተሳስቷል ማለት ነው።

አራተኛ፣ ቦታ አለው ወይ? ከሞላ ምንም አፕ በደንብ አይሠራም። በየግሩፑ የሚላኩትን ቪዲዮዎች አጥፊ። የቤተሰብሽን ፎቶ አትንኪ፤ የሠርግ ጭፈራውና ቀልዱ ነው የሚሞላው።

አምስተኛ፣ ስትደውዪ ድምፅሽ ካልተሰማ ወይም ፊትሽ ካልታየ፣ ዘበኛው ከልክሎ ይሆናል። ሴቲንግ ውስጥ አፑን ፈልገሽ ማይክራፎንና ካሜራ ፈቅደሽለት እንደሆነ እዪ። አንዳንድ የሴኩሪቲ አፖች ደግሞ ቪፒኤን የሚባል ነገር አብረው ያበራሉ፤ ያ ጥሪን ሊያቋርጥ ይችላል። እሱን አጥፍተሽ ሞክሪ።

ስድስተኛ፣ አንድ አፕ ብቻ እየተዘጋ ካስቸገረሽ ራሱን አፑን ከፕሌይ ስቶር አድሺው። ካልሆነ «ካሽ» የሚለውን አጽጂ። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ጎን ለጎን ሁለት ነገር አለ፤ ካሽ እና ዳታ። ካሽ ጥራጊ ነው፤ ቢጠፋ ምንም አይደለም። ዳታ ግን የቤቱ ዕቃ ነው። በዓረብኛ «በያናት» ይለዋል። «በያናት» የሚል ማጥፊያ ካየሽ እጅሽን ሰብስቢ። የዋትስአፕን ዳታ ካጠፋሽና ሌላ ቦታ ካላስቀመጥሽው የእናትሽ የድምፅ መልእክት አብሮ ይሄዳል።

ሰባተኛ፣ ሴፍ ሞድ። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች የማጥፊያው ሳጥን ሲመጣ «አጥፋ» የሚለውን ሳትለቂ ያዢው፣ «ሴፍ ሞድ» ይልሻል። እንደዚያ ሲነሳ አንቺ ያወረድሻቸው አፖች አይሠሩም። ስልኩ በዚያ ሰላም ከሆነ ጥፋቱ ካወረድሽው አፕ ነው፤ በቅርብ የገባውን አንቲቫይረስ አጥፊው። መልሰሽ ስታስነሺው እንደ በፊቱ ይሆናል።

ስምንተኛና መጨረሻው ፎርማት ማድረግ ነው። ይህን ግን ከመንገሬ በፊት የጉለይሏን እኅቴን ነገር ስሙ።

ጉለይልን የምታውቁ ታስታውሱታላችሁ። ደቡብ ጂዳ፣ መንገዱ ጠባብ፣ ቤቱ የተጠጋጋ፣ የእኛም የየመኖችም የሌላውም አፍሪካዊ መጠጊያ ነበር። ዓርብ ዓርብ ቡና የምናፈላው፣ የታመመችውን የምንጠይቀው፣ አዲስ የመጣችውን የምናሳድረው እዚያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ጂዳ ውስጥ ሰፈሮች መፍረስ ሲጀምሩ ጉለይል ቀድመው ከፈረሱት አንዱ ሆነ። የሰፈሩ ሰው ተበተነ። አንዱ የት እንደገባ ሌላው አያውቅም፤ የተረፈን በስልካችን ውስጥ የነበረው ቁጥር ብቻ ነው።

በዚያው ሰሞን አብራኝ የምትኖር እኅቴ ስልኳን አፕዴት አደረገች። ኢሞው እየተዘጋ፣ ካሜራው አልከፍትም እያለ አስቸገራት። ቤት እየለቀምን፣ ዕቃ እየጠቀለልን ነው፤ ማን ተረጋግቶ ያያል? ወደ አንድ ጥገና ሮጠች። ልጁ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳያይ «ፎርማት ነው፣ 30 ሪያል» አላት። እሺ አለችው። ስልኩ ተጠርጎ ሲነሳ ጂሜይልና ፓስዎርድ ጠየቃት። አታውቀውም። ስልኩን ስትገዛ የከፈተላት ሻጩ ነበር፤ ሱቁም ፈርሷል። ስልኩ በጂሜይል እንደተቆለፈ ቀረ።

የእናቷን ቁጥር በቃሏ አታውቅም ነበር። ሪያድ ያለውን የወንድሟንም። እኔም ወደ ሌላ ከተማ ሄድሁ፤ የኔንም ቁጥር አልያዘችውም። 7 ወር። የቀበሌዋን ሴት ሐዋላ ቤት ሰልፍ ላይ በድንገት እስክታገኝ ድረስ 7 ወር። እናቷ ልጄ ሞታለች ብላ ፀጉሯን ተላጭታ ነበር። ድንኳን እንዳይጣል የከለከሉት አንድ አጎቷ ናቸው፤ «ሬሳ ሳላይ አላለቅስም» ብለው።

ስልኩ ምን ሆኖ ነበር መሰላችሁ? ኋላ አብረን ስንነጋገር ደረስንበት። አፕዴቱ ከመጀመሩ በፊት «ቦታ ሞልቷል» እያለ ሲነግራት ሰንብቷል። አራተኛው ደረጃ ላይ ነበር መፍትሔው። ጥቂት ቪዲዮ ብታጠፋ ይበቃት ነበር።

ስለዚህ ፎርማት የመጨረሻው በር ነው። ከመግባትሽ በፊት ሦስት ነገር ይኑርሽ፤ ጂሜይልሽና ፓስዎርዱ፣ በሌላ ቦታ የተቀመጠ ፎቶና ዋትስአፕ፣ በወረቀት የተጻፈ የቤተሰብ ቁጥር።

ጥገና ቤት መሄድ ግድ ከሆነ፣ እንዲህ አድርጊ። ብቻሽን አትሂጂ። ሲም ካርድሽንና ሚሞሪሽን አውጥተሽ ያዢ። ዋጋውን አስቀድመሽ ተነጋገሪ። ምን እንደሚያደርግ ጠይቂው፤ «ሳትነግረኝ ፎርማት አታድርግ» በዪው። እዚያው ቁጭ ብለሽ ጠብቂ፤ «ነገ ነይ» ካለሽ ስልክሽን ይዘሽ ተመለሺ። ኢቃማሽን ወይም ፓስፖርትሽን መያዣ አትስጪ።

በስልክሽ የሚመጣውን የሚስጥር ቁጥር፣ የዋትስአፑንም የባንኩንም የአብሸሩንም፣ ለማንም አትንገሪ። ለጠጋኙም፣ «ከባንክ ነው» ለሚለውም፣ ለእጮኛሽም። ዋትስአፕ ውስጥ ደግሞ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚል አለ፤ 6 አኃዝ ያለው የራስሽን ቁጥር ታስገቢበታለሽ። እሱ ካለ ሌባው የመጣልሽን ኮድ ቢያገኝም ብቻውን አይበቃውም።

ፎቶሽን ከስልክሽ ገልብጦ «ካልከፈልሽ እበትነዋለሁ» የሚል ካለ፣ ወንጀለኛው እሱ ነው። በሳዑዲ እ.ኤ.አ. የ2007ቱ የሳይበር ወንጀል ሕግ በዚህ ዓይነት ማስፈራራት እስከ 1 ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ሪያል ቅጣት አለው። ኢቃማ የሌላችሁ «ፖሊስ ጋ ብሄድ እኔን ይይዙኛል» ትላላችሁ፤ ፍርሃታችሁን አውቀዋለሁ። ቢሆንም ብቻሽን አትክፈዪ፣ ብቻሽን አትታነቂ። አንዴ የከፈለችን ደግመው ይጠይቋታል። መልእክቱን ሳታጠፊ አስቀምጪና ለምታምኛት ሰው፣ ለእኛ ወይም ጂዳ ላለው ቆንስላችን ተናገሪ።

ወደ አሠሪ ኮምፒውተር ልመለስ። ስትወለውዪ ስክሪኑ ቢበራ አትንኪው፣ ለባለቤቱ ንገሪ። ነክተሽ ከሆነም ያኔውኑ ንገሪ፤ «ይህ ሳጥን መጣ፣ ይህን ተጫንሁ» በዪ። እኔን የጎዳኝ ከመንካቴ ይልቅ ዝምታዬ ነው። ካልተነሳ ደግሞ «አፕዴት ነበር፣ ባለሙያ ይየው» በዪ። በቤት ውስጥ ፎቶ ማንሳት ግን ራስሽን ሊያስከስስሽ ስለሚችል በስልክሽ አታንሺ። ያልገባሽ ወረቀት ላይ አትፈርሚ። ያለ ጥፋትሽ ደመወዝሽ ከተቆረጠ ቀኑንና የገንዘቡን ልክ ጻፊ፤ የሳዑዲ የሰው ኃይል ሚኒስቴር የስልክ ቁጥር 19911 ነው።

አሁን ከመለያየታችን በፊት የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ዐሥሩን ደናግል ታስታውሳላችሁ፤ አምስቱ ዘይት ይዘው ነበር፣ አምስቱ አልያዙም። ሙሽራው ሲመጣ ዘይት ፍለጋ የሮጡት በሩ ተዘጋባቸው። ስልክም ሲቆም ዘይት ፍለጋ አይሮጥም። ዛሬ ማታ ትንሽ ደብተር ያዙ። የእናታችሁን ወይም የቅርብ ዘመዳችሁን ቁጥር ጻፉ፣ ሁለት ሦስት አድርጉት። የቆንስላውን ቁጥር ጻፉ። የኢቃማና የፓስፖርት ቁጥራችሁን ጻፉ። ጂሜይላችሁን ጻፉ፤ ሌላ ሰው የከፈተላችሁ ከሆነ በዚህ ሳምንት ፓስዎርዱን ቀይሩት። ሲም ካርዱ በማን ስም እንደሆነ ጠይቁ፤ በአሠሪ ስም ከሆነ ከቤቱ ስትወጡ ቁጥሩም እዚያው ሊቀር ይችላልና ለቤተሰባችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። ደብተሩን ከስልኩ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አታስቀምጡት።

አንድ ቁጥር ደግሞ በቃላችሁ ያዙ። አንድ ብቻ። እንጀራ ስትጋግሪ፣ ልብስ ስትተኩሺ፣ እንደ ዳዊት ድገሚው። ያቺ የጉለይሏ እኅቴ አሁን የእናቷን ቁጥር በቃሏ ትለዋለች፤ በእንቅልፏ ብትቀሰቅሷት ትለዋለች። ባለፈው ስንደዋወል «7 ወር ከፍዬበታለሁ እኮ፣ እንዴት ይረሳኛል!» ብላ ሳቀች።

እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ። ከእናቶቻችሁም ጋር በሰላም ያገናኛችሁ።